ለመግነዝ የተቀመጠው ገንዘብ፦ የልብ ሕመምና የአጥቢያ ልግስና

(ለአጥቢያ ልማት ኮሚቴ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ የሆነ ዲያቆን ያቀረበው ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት የፕሮጀክት ሪፖርት ለማቅረብ አይደለም። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ይገኛል። የጉባኤው አዘጋጆች በእኔ ላይ ስለ ደረሰው የልብ ሕመምና ከዚያ በኋላ በአጥቢያችን ስለ ጀመርነው የርዳታ ማሰባሰብ ሥራ እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ራስ መናገር ለአገልጋይ ይከብዳል። ነገር ግን ጌታ ከፈወሳቸው ዐሥር ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ እንደ ነበረ በወንጌል እናነባለንና፣ ዝም ማለቱም የሚያስጠይቅ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

በቆሎ ተማሪነቴ

ከወላጆቼ ቤት ለትምህርት የወጣሁት ገና በ10 ዓመቴ ነው። በአንዲት ጎጆ ስምንት ተማሪዎች ሆነን እናድር ነበር። ደበሎው ለሁላችን ስለማይበቃ ሁለት ሁለት ሆነን እንለብሰዋለን። ከእኛ መካከል ከአባቶችም ብዙዎቻችሁ በዚህ ኑሮ ስላለፋችሁ ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ። ብርዱ ሲበረታ አንዱ ጉሮሮውን ያመው እንደ ሆነ በሳምንቱ ጎጆው በሙሉ ይታመማል። ቶንሲል ነው ይባላል፤ ፌጦም ዳማ ከሴም ይቀርባል፤ ሕመሙም ያልፋል።

በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ያለ የጉሮሮ ሕመም ካለፈ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቴ አበጠ። ቀጥሎ ጉልበቴ ተሻለውና ቁርጭምጭሚቴ አበጠ፤ ከዚያም ወደ ክርኔ ዞረ። አንዳንዱ ቁርጥማት ነው አለ፤ ሌላው እንጥሉ ይቆረጥ አለ። የኔታ ግን ይህን አልተቀበሉም። በበቅሏቸው አስቀምጠው፣ እርሳቸው በእግራቸው እየሄዱ፣ ግማሽ ቀን ወደሚያስኬደው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ባለሙያው ደረቴን ካዳመጠ በኋላ፣ “ይህ ልጅ እስኪያድግ ድረስ በየወሩ መርፌ መወጋት አለበት፤ አለዚያ ልቡ ይጎዳል” አላቸው። የኔታም ቀኑን በግድግዳው ላይ በከሰል እየጻፉ ሰባት ወር ያህል ሳያጓድሉ ላኩኝ።

ከዚያ በኋላ ዜማ ለመማር ወደ ሌላ አውራጃ ተሻገርሁ። የተማሪ ልማድ ነውና መምህር ፍለጋ መሄድን ማንም አይከለክልም። በሄድሁበት ቦታ የመርፌዬን ነገር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም። እውነቱን ለመናገር፣ መርፌው እጅግ ያምም ስለ ነበር የሚጠይቀኝ በመጥፋቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ጉልበቴም ዳግመኛ አላበጠም። የዳንሁ መሰለኝ።

የስቅለት ሌሊት

ዓመታት አለፉ። በሥነ መለኮት ዲፕሎማዬን ይዤ በኮሚሽኑ ሥራ ጀመርሁ፤ ትዳርም መሠረትሁ። ዳገት ስወጣ ይደክመኝ ጀመር፤ ጾሙ ነው አልሁ። ማታ በአንድ ትራስ መተኛት ሲያቅተኝ ሁለት፣ ቀጥሎም ሦስት ደረብሁ። ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ እንድሄድ ስትለምነኝ ከትንሣኤ በኋላ እሄዳለሁ እያልሁ አዘገየሁት።

በዕለተ ስቅለት እንደ ማንኛውም ምእመን ስሰግድ ዋልሁ። በዚያች ሌሊት ውኃ ውስጥ እንደ ሰመጠ ሰው አየር አጥሮኝ ነቃሁ። ተነሥቼ በመስኮቱ ሥር ተቀመጥሁ፤ መተንፈስ ግን አልቻልሁም። ሳስል የወጣው አረፋ ደም የነካው ነበር። ልቤ በማይታወቅ ምት ይዘል ነበር። ጎረቤቶች በባጃጅ ቁጭ እንዳልሁ ደግፈው ወደ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። በሳንባዬ የተጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያስወግድ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ኦክስጅንም አደረጉልኝ። የትንሣኤውን ደወል የሰማሁት በአልጋ ላይ ሆኜ ነው።

በማግሥቱ ሐኪሙ የልቤን አልትራሳውንድ ካየ በኋላ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣለ አስረዳኝ። ልብ አራት በሮች አሉት፤ እንደ መዝጊያ እየተከፈቱና እየተዘጉ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋሉ። በግራ በኩል ባለው በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር በእኔ ላይ ጠባሳ ይዞ ደንድኗል፤ ጠብቧልም። ደሙ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ይህን ከነገረኝ በኋላ፣ “በልጅነትህ ጉልበትህ አብጦ ያውቃል?” ብሎ ጠየቀኝ። በዚያች ቅጽበት የኔታ በከሰል የጻፉት ግድግዳ ታወሰኝ።

እማሆይ

የተጎዳው በር በሰው ሠራሽ በር እንዲተካ ተወሰነ። የሚጠየቀው ገንዘብ በብዙ ዓመት ደመወዜ የማይደረስበት ነበር። ነገሩን የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ሰማ። እድሩ፣ የጽዋ ማኅበራቱና ሰንበት ትምህርት ቤቱ ተሰባስበው መዝገብ ከፈቱ። ሁሉም እንደ አቅሙ ሰጠ።

ከሰጡት መካከል አንዲት እማሆይን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በትንሽ ቤት የሚኖሩ፣ ጧሪ የሌላቸው እናት ነበሩ። ወደ ቤቴ መጥተው በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው ሰጡኝ። ለመግነዛቸው ያስቀመጡት ገንዘብ እንደ ሆነ ስለማውቅ አልቀበልም አልሁ። “ልጄ፣ እኔን የሚገንዘኝ ሰው አላጣም። አንተ ቅስናህን ሳትቀበል አትሄድም” አሉኝና በትራሴ ላይ አስቀምጠውት ወጡ።

ቀዶ ሕክምናው በእግዚአብሔር ቸርነት ተሳካ። ወራት ቆይቼ ወደ አጥቢያዬ ስመለስ የእማሆይን ገንዘብ በፖስታ አሽጌ ይዤ ሄድሁ። ቤታቸው ተዘግቷል። በክረምቱ ዐርፈው ነበር፤ መግነዙን የገዙት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ፖስታውን ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁና ይህን ዕዳ ለማን ልክፈል ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ “እርሷ ለአንተ ባደረገችበት መንገድ ለሌላ አድርግ” አሉኝ። የርዳታ ሥራችን የተጀመረው በዚያ ፖስታ ነው።

በደረቴ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ በር ጸጥ ባለ ሌሊት እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ደም በበሩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኬን መድኃኒት እወስዳለሁ፤ የደሜንም የመርጋት መጠን በየጊዜው እመረመራለሁ። በጾም ወራት ጎመን አብዝቼ እንዳልበላ እንኳ ተመክሬአለሁ፤ የመድኃኒቱን ኃይል ያደክመዋልና። ይህን የምነግራችሁ ቀዶ ሕክምናው የነገሩ ፍጻሜ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው። ትልቁ ገንዘብ ሕይወቴን አተረፈልኝ፤ የመጀመሪያውን ልቤን ግን አልመለሰልኝም። ያንን ልብ ሊጠብቅ ይችል የነበረው በየወሩ የሚወጋው መርፌ ነበር።

የበደልሁት በደል

አሁን ደግሞ ማፈሬን ሳልደብቅ የመጀመሪያውን የርዳታ ማሰባሰባችንን ልናገር። የታቦቱ ዓመታዊ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ የልብ ሕመም ያለባትን አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ይዘን ወደ ዐውደ ምሕረቱ ወጣን። ድምፅ ማጉያውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ልጅቱን በመድረኩ ላይ አቁሜ ስለ ሕመሟ ተናገርሁ፤ ከንፈሯ እንዴት እንደሚጠቁር፣ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቀራት ሳይቀር ዘረዘርሁ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ጃንጥላ ለጨረታ ቀረበ፤ ካሰብነው በላይ ገንዘብ ተገኘ። ልጅቱ በሙሉ ጊዜው ፊቷን በእናቷ ቀሚስ ሸፍና ነበር።

ገንዘቡ ለሕክምናዋ ዋለ፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ግን እናቷ ወደ ቢሮዬ መጡ። ሊወቅሱኝ አልመጡም፤ ምክር ፈልገው ነው። ልጅቱ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። ልጆቹ የሚጠሯት በስሟ ሳይሆን በሕመሟ ነው። “እሞታለሁ ማለትህን ሁሉም ሰምቷል ትላለች” አሉኝ። እኔ ታምሜ ሳለሁ የአጥቢያዬ ሰዎች ማንም ሳያየኝ በቤቴ መጥተው ሰጥተውኛል። እኔ ግን ይህችን ሕፃን በአደባባይ አቆምኋት። ያን ቀን ይቅርታ የጠየቅሁት እናቷን ነው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ልጅቱን ራሷን ጠየቅሁ።

ከዚያ ወዲህ በኮሚቴአችን የመጀመሪያው ሕግ ይህ ሆኗል፦ በሽተኛ በመድረክ አይቆምም፤ ፎቶግራፉ በባነር አይሰቀልም፤ ስሙም በድምፅ ማጉያ አይጠራም። ገንዘቡ በዚህ ምክንያት ቢያንስ እንኳ ያነሰውን ይዘን እንሠራለን።

ገንዘቡ ምን ይሠራል?

ወገኖቼ፣ ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ልብን አይጎዳም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ቁስል ሳይታከም ሲቀር ግን፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። በብዛት የሚታየው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ስፍራ ይበዛል። በተደጋገመ ቁጥር የልብ በሮችን እያጠበበ ወይም እያላላ ይሄዳል። ይህን ድግግሞሽ የሚከላከለው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የተባለው መርፌ ነው፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ፣ እንደ ጉዳቱ መጠን ለዓመታት፣ ለአንዳንዱም እስከ 40 ዓመት ዕድሜና ከዚያም በላይ ይሰጣል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን በሽታ ለመከላከል አገሮች እንዲነሡ ውሳኔ አሳልፏል።

በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት ሥራ ሲጀምሩ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። በሕዝብና በበጎ አድራጊዎች ድጋፍ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የተሠራው የልብ ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ይህ የልግስና ሥራ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ያሳየናል። ሆኖም ተራቸውን የሚጠብቁት ሕፃናት ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ። አንድ አጥቢያ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አይችልም። ወደዚያ ሰልፍ የሚጨመሩትን ልጆች ቁጥር ለመቀነስ ግን ይችላል።

በመሆኑም የምንሰበስበውን ገንዘብ በሁለት ከፍለነዋል። አንዱ ክፍል ሕክምና ለተወሰነላቸው ሕሙማን ምርመራና መጓጓዣ ይውላል። ሁለተኛው፣ የማይነካው ክፍል፣ ለወርኃዊው መርፌ ነው። ኮሚቴው መርፌ አይወጋም፤ መርፌው የሚሰጠው በጤና ተቋም በባለሙያ እጅ ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ሲጠፋ ከሌላ ቦታ መግዛት፣ የልጁንና የአድራሹን የመኪና ሂሳብ መክፈል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀኑን አለመርሳት ነው።

ለዚህም መዝገብ አለን። በመዝገቡ የልጁ ስም፣ የመምህሩ ስም፣ የመጨረሻው መርፌ ቀን፣ የሚቀጥለው ቀንና የጤና ተቋሙ ይጻፋል። መዝገቡን የሚያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ተማሪው ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት የሚሄድ እንደ ሆነ መሸኛ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ በሄደበት ያለው መምህርና አጥቢያ መርፌውን እንዲያስቀጥሉለት። እኔን ከሰባተኛው ወር በኋላ ያጣኝ ይህ ወረቀት ነበር።

ገንዘቡ እንዴት ይያዛል?

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ርዳታ ሲያሰባስብ ምእመናን በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ አቅማቸው እንዲያስቀምጡ አዝዟል። ገንዘቡንም ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አድርጓል። ሐዋርያው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ እኛ ልንጠነቀቅ የሚገባን ምን ያህል ይሆን? ስለዚህ ገንዘቡ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይቀበሉትም። ሣጥኑ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ባሉ ሦስት ቁልፎች ይከፈታል። ከሕንፃ ማሠሪያው ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም፤ ለአንድ ሳምንት ብድር እንኳ አይሰጥም። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ያለ ሕሙማን ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። አንድ ጊዜ ሂሳቡ ጎድሎ ተገኝቶ ነበር። ደብቀን ልንሞላው እንችል ነበር፤ ግን ጉድለቱን እንዳለ ለጠፍነው፤ ስሕተቱም በድርብ የተመዘገበ የመኪና ሂሳብ ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ሩብ ዓመት የሰጪዎች ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ስእለትንም በዚህ መንገድ እንዲያስቡት ምእመናንን እንመክራለን። ጃንጥላና መጋረጃ መሳል መልካም ነው፤ ለቤተ እግዚአብሔር ክብር ነውና። ከዚያው ጋር የአንድን ተማሪ የዓመት መርፌና መጓጓዣ የተሳለ ሰው ግን አሁን በአጥቢያችን ብርቅ አይደለም።

ለአባቶች የማቀርበው ልመና

የመጨረሻው ቃሌ ለካህናት አባቶች ነው። የታመመ ሰው ከሐኪም በፊት የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ጸበል ሊጠመቅ ሲመጣ መርፌው ወይም መድኃኒቱ መቼ እንደሆነ ብትጠይቁት፣ ቃላችሁን ይሰማል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል፤ በዚህም ምክር የብዙ ሰው ሕይወት እንደ ተረፈ ኮሚሽናችን በሥራው አይቷል። ለልብ ሕሙማንም እንዲሁ ይሁን። መጽሐፈ ሲራክም ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምረናል። ለስግደትና ለጾም የሚጎዳ አካል ያለው ሰው ሕመሙን ለንስሐ አባቱ ነግሮ ቀኖናውን እንደ አቅሙ እንዲቀበል ንገሩት። እኔ አልተናገርሁም፤ ቢነግሯቸው ኖሮ አባቴ በዚያ ዕለት ከመስገድ ይከለክሉኝ ነበር።

የአብነት መምህራንንም እናስታውስ። የኔታ በበቅሎ ተሸክመው ባይወስዱኝ ኖሮ፣ ያንን ሰባት ወር እንኳ ባላገኘሁ። ዛሬም በየጎጆው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ጉልበቱ ያበጠ፣ ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዞርበት፣ ሲሮጥ ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚደክም ልጅ አለ። እንጥሉ እንዳይቆረጥ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ከዚህ ጉባኤ ስትመለሱ ትልቅ ሣጥን እንድታሠሩ አልጠይቃችሁም። አንድ ደብተር ግዙ። በቅጥራችሁ ያሉትን የአብነትና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጋር ሆናችሁ እዩ። መርፌ የታዘዘለት አንድ ልጅ እንኳ ብታገኙ፣ ስሙንና የሚቀጥለውን ቀን በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉ። የእማሆይ ገንዘብ በእኛ ደብተር የመጀመሪያውን መስመር ይዟል፤ “ለመግነዝ ከተቀመጠ” ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያ ገንዘብ መርፌውን የጀመረው ልጅ ዛሬ ዜማ ቤት ገብቷል፤ መሸኛውን ይዞ ነው የሄደው።

የእናታችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። 

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።